በእናትሽ ደም ሥር ውስጥ የተተከለው አጥር

ለምወድሽ ልጄ ለሜርሊንዳ፣

እንዴት ነሽ ልጄ? ጤናሽስ? ያ የጀርባ ሕመምሽ ተሻለሽ ወይ? ፋብሪካው ውስጥ ቆመሽ ከምትውይበት ቦታ አዛወሩሽ? ምግብስ በደንብ ትበያለሽ? ሁሉንም መልሺልኝ፤ ባለፈው አንዱን ዘለሽዋል። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። እናትሽም አለች። "አለች" ስልሽ ለወጉ ያህል አይደለም፤ ወረቀት ያነሳሁትም ለዚሁ ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ እሷ ከአጠገቤ አትጠፋም፣ እኔም ድምፄ ይከዳኛል።

ነገሩ ከእግሯ ጀመረ። ግራ እግሯ አብጦ የቀርከሃ ግንድ አከለ። እኛ ዘንድ እግር ሲያብጥ መጀመሪያ የሚጠራው ወጌሻ እንደሆነ ታውቂያለሽ። አክስትሽ ቶማሳ የኮኮናት ዘይትና ዝንጅብሏን ይዛ መጣች። "ነፋስ ነው የገባባት፣ ወደ ላይ ገፍቼ አስወጣዋለሁ" ብላ ዘጠኝ ቀን ሙሉ አሸቻት። እግሯን ይዤ የነበርኩት እኔ ነኝ። በዐሥረኛው ቀን እናትሽ ደረጃው ላይ ቁጭ እንዳለች ትንፋሽ አጣች።

ኢሎኢሎ ከተማ ሆስፒታል አደረስናት። ዶክተር ቪላሩዝ የምትባል፣ ካንቺ ብዙም የማትበልጥ ሐኪም ነች ያየቻት። ያ የምታውቂው የማኅፀኗ ካንሰር ደሟን እያረጋው ነው፣ እግሯ ውስጥ የረጋው ደም ደግሞ እየተቆረሰ ወደ ሳንባዋ ይሄዳል አለችኝ። "አባት፣ ሲታሽ ይባስ ሊቆረስ ይችላል።" ይህን ስትለኝ እጆቼን ኪሴ ውስጥ ከተትኳቸው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ሲጀምሩላት ከማኅፀኗ ደም ፈሰሰና መድኃኒቱ ተቋረጠ። አንድ መንገድ ብቻ ቀረ፤ ደም ሥሯ ውስጥ ማጣሪያ መትከል።

የሲጋራ ካርቶን ላይ ሰባት ጥያቄ ጽፌ ነበር፣ ሦስቱን ብቻ ጠየቅኩ። አንደኛ፣ ካንሰሩን ያድነዋል? "አይነካውም" አለችኝ። ሁለተኛ፣ ዕድሜ ይጨምርላታል? "ቃል አልገባልዎትም። በሽታው እንዲህ ለገፋበት ሰው ይተከል አይተከል፣ እኛ ሐኪሞቹም እንከራከርበታለን።" ሦስተኛ፣ ታዲያ ምን ይሠራል? ከመሳቢያዋ አንድ ነገር አውጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ልጄ፣ ጨርቅ የሌለው ትንሽዬ ጃንጥላ በይው፤ ሽቦዎቹ እንደ መረብ ክር የቀጠኑ። ደሙ በመሃሉ ያልፋል፣ ትልቁ የረጋ ደም ይያዛል። "ይሄማ የዓሣ አጥር ነው!" ብዬ ጮህኩ። ሠላሳ ዓመት ዓሣ ለመያዝ ባሕር ውስጥ ቀርከሃ ስተክል የኖርኩት ሰውዬ፣ ሰው ሆድ ውስጥ አጥር ይተከላል ብዬ መች አስቤ አውቃለሁ! እሷም ሳቀችና "ለተማሪዎቼ እርስዎ ቢያስረዱልኝ ይሻላል" አለችኝ።

እኔ ግን አመነታሁ። ለጥቂት ወራት ብዬ ላሠቃያት? እናትሽ ሰምታን ኖሯል። "አንተ ሰውዬ፣ በፊት ለፊት በር የሚመጣውን አውቄዋለሁ። በጓሮ በር የሚመጣውን ግን ዝጉልኝ። ሜርሊንዳን ሳላይ ድንገት አልሄድም" አለችኝ። በዚሁ ተቆረጠ።

በአንገቷ በኩል በቀጭን ቱቦ አስገብተው ወደ ልብ በሚመለሰው ትልቁ ደም ሥር ውስጥ፣ እምብርቷ አካባቢ ተከሉት። ሆዷን አልቀደዱም፣ በማደንዘዣ እንኳ አላስተኟትም፤ ሐኪሟን "አግብተሻል ወይ?" እያለች ስታደርቃት ነበር። ሩዝ እስኪበስል አልቆየም። በማግስቱ የራጅ ፎቶውን አሳዩኝ፤ እዚያ ጭጋግ መሃል ያ ትንሽ አጥር ቀጥ ብሎ ቆሟል። ኮፍያዬን አወለቅኩ፤ ቤተ ክርስቲያን የገባሁ ነው የመሰለኝ።

አክስትሽ ቶማሳ ከዚያ ወዲህ በኀፍረት ደጃችንን አልረገጠችም ነበር። እናትሽ "ነይ እንጂ አንቺ ኩሩ! እግሬን ለሐኪም ተዪና ራሴን እሺልኝ" ብላ አስጠራቻት። ተቃቅፈው አለቀሱ፣ ወዲያው ደግሞ እኔን ማማት ጀመሩ።

እግሯ አሁንም እንዳበጠ ነው፣ ግን ደረጃውን ትወርዳለች። ባሕሩ ሲጎድል ወደ አጥሬ ልሄድ ስነሳ "የእኔንም እይልኝ" ትለኛለች። ሆዷ ላይ እጄን አሳርፍና "ቆሟል" እላታለሁ። የሚዳሰስ ነገር የለም፤ ግን እላታለሁ።

ልጄ፣ ለገና እመጣለሁ ብለሽ ነበር። አጥር ዓሣ ይይዛል እንጂ ውሃ አያቆምም። ገናን ሳትጠብቂ አለቃሽን ፈቃድ ዛሬውኑ ጠይቂ።

ወንድምሽ ኖኖይ ሰላም ብሎሻል፤ አልጋሽን ጠግኖልሻል። ቶማሳ ጉንጭሽን ትስማለች፤ ለጀርባሽ ዘይት ልላክ ብትለኝ መጀመሪያ ሐኪም ይየው ብያታለሁ። እናትሽ አሁን ከማድቤት "ለማን ነው የምትጽፈው?" ብላ ጮኸች። ላንቺ ነው ስላት "የጓሮውን በር ዘግቻለሁ፣ በፊት ለፊቱ የሚመጣውን ቀድማው ትግባ በላት" አለችኝ።

አባትሽ አንሴልሞ
ፒላር፣ ካፒዝ
ማክሰኞ፣ ኦገስት 19