ባሕር ዛፍ ያስጠጣው ሬዲዮ

የካቲት 2

የአጎቴ የጋሼ ጉደታ ሬዲዮ ከእኔ በስተቀር ለማንም አይታዘዝም። ስንት ቁልፍ ነው ያለው! አንዱ ጣቢያ ይፈልጋል፣ አንዱ ወፍራሙን ድምፅ ያወጣል፣ አንዱ ከግራ ስፒከር ወደ ቀኝ ይወስዳል። የጸሎት ቤታቸው ሚስዮናዊ በመንግሥት ሲባረር ትቶለት የሄደ ነው። ጋሼ ማታ ማታ ጆሮውን ስፒከሩ ላይ ለጥፎ ከውጭ አገር የሚተላለፈውን ስብከት ይሰማል። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ ቤተ ክርስቲያኑ ይኸው ሳጥን ነው። እኔ ጣቢያውን እይዝለታለሁ፣ እሱ ያለቅሳል። ስምንተኛ ክፍል ሁለቴ ለወደቀ ሰው ትልቅ ሥልጣን!

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ዘነበም በዜና ሰዓት ከች ይላል። የእሱ ሬዲዮ የባትሪ ድንጋዩ አልቋል። ይኸው ወሩ… ሰውዬው ድንጋይ አይገዛም እንዴ?

የካቲት 5

ጉድ ሠራሁ። ጋሼ ሾላ ገበያ ሄዷል። አልጋው ሥር የጸሎት ቤቱ ማይክሮፎን ተደብቋል። ሬዲዮው ጀርባ ላይ ደግሞ የማይክሮፎን ቀዳዳ አለ። ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? ሽቦውን በመጋረጃው ሥር ወደ ጓዳ ሳብኩት። ጓድ ዘነበ መጣ፣ እግሩን አጣምሮ ተቀመጠ። ቁልፉን ወደ ማይክሮፎን አዞርኩና "ጣቢያው ጠፋ፣ አንቴናውን ላስተካክል" ብዬ ገባሁ። ድምፄን ወፈር አድርጌ…

"የእንጦጦ ባሕር ዛፎች በውሃ ጥም እየተሰቃዩ መሆናቸው ስለተደረሰበት፣ የየካ ጭቁን ሕዝብ በመጪው እሑድ በነፍስ ወከፍ አንድ ጀሪካን ውሃ ይዞ እንዲወጣ!"

ሳቄ እንዳያመልጠኝ ትራስ ነከስኩ። ስወጣ ቆሟል፤ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ይከታል።

"ጓድ፣ ምን አሉ?"

"አዲስ ነገር የለም። መመሪያው ቀድሞ ደርሶኛል" አለና እየሮጠ ወጣ።

ቀድሞ ደርሶኛል! ከእኔ ቀድሞ?

የካቲት 6

ጡሩምባ ተነፋ። እሑድ የቀረ ከቀበሌ ሱቅ ስኳር አያገኝም።

የካቲት 8

ከቀበሌው በላይ ያለው ከፍተኛ "መመሪያውን ያወጣነው እኛ ነን፤ አንድ ጀሪካን ማን አላችሁ? ሁለት ነው" ብሏል አሉ። ሆዴን ይዤ ስስቅ ጋሼ ጠራኝ። የማይክሮፎኑ ሽቦ እሱ እንደጠቀለለው አልነበረም።

"ሲሞን… ይኼ ዕቃ ቢገኝ አንተን በጥፊ ይለቁሃል። እኔን ግን አንዴ አስረውኛል። ሁለተኛ ብገባ እወጣለሁ ብለህ ታስባለህ?"

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ማይክሮፎኑን ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣለው።

ጓድ ዘነበ ዘንድ በረርኩ። "ጓድ፣ ያ ዜና… ምናልባት ሬዲዮው ተሳስቶ ቢሆንስ?"

"ከፍተኛው እኮ ማህተም መትቶበታል! ማህተም ይሳሳታል?"

ወጣሁ።

የካቲት 11

እሑድ። ያ ዳገት! በሁለት ጀሪካን! ጎረቤታችን እትዬ ብዙነሽ ከእንጦጦ ማርያም በታች ቁጭ ብለው "ቧንቧ ደርቆ እኔ ፊቴን ሳልታጠብ፣ ዛፍ ገላውን ይታጠብ!" አሉ። እየዘመርን አጠጣን። አባባ በዳዳ የሚባሉ የእንጦጦ ገበሬ ጠጋ አሉኝ።

"ልጄ፣ ይኼ ዛፍ ሲተከል አይቻለሁ። ዛሬ ምን አገኘው፣ ታመመ?"

"መመሪያ ነው፣ አባባ።"

"እሱማ መድኃኒት የለውም።"

የካቲት 13

ጓድ ዘነበ ዜናውን የት እንደሰማ ነግሯቸው ከከፍተኛው ሁለት ሰዎች መጡ። "መመሪያውን የያዘው ሬዲዮ የቱ ነው?" ጋሼ ኮቱን ለበሰ። ሊወስዱኝ ነው ብሎ… "እኔ ነኝ" ልል አፌን ስከፍት አንደኛው ሬዲዮውን ዳበሰው።

"ከእኛ ቀድሞ መመሪያ የሚይዝ ሬዲዮ በግለሰብ ቤት አይቀመጥም!"

ስፒከሮቹን ጭምር ተሸክመው ቀበሌ አዳራሽ ወሰዱት። ጋሼን ተዉት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር… ለምን አላለኝም?

የካቲት 18

ጓዶቹ ቀበሌ አዳራሽ ሬዲዮውን ከበው መመሪያ ይጠብቃሉ። "ሲሞን፣ በናትህ ያን ጣቢያ ያዝልን" ይላል ጓድ ዘነበ። አዞራለሁ፣ አዞራለሁ… "ዛሬ አየሩ መጥፎ ነው፣ ጓድ።"

ቤት ስገባ ጋሼ ባዶው ጠረጴዛ ፊት ተቀምጧል። የስብከቱ ሰዓት ነው። ቀልድ ፈለግኩ፣ አጣሁ። መጽሐፍ ቅዱሱን ከፍራሹ ሥር አውጥቼ ሬዲዮው የነበረበት ቦታ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ማንበብ ጀመርኩ። ፊደል እየዘለልኩ፣ እየተንተባተብኩ… አልሳቀም። ዓይኑን ጨፈነ። ትንሽ ቆይቶ እጁን ዘረጋና ጆሮዬን ቀስ አድርጎ ጠመዘዘው።

"ቀንሰው" አለ። "ጎረቤት ይሰማል።"