የእረፍት ተረኛ

ግንቦት 21
እንሴኖ ድረስ ሄጄ ምንም ሳልይዝ ተመለስኩ። የመመረቂያ ጽሑፌ ጥያቄ እኮ ግልጽ ነው... በአምስቱ ዓመት ወረራ ጊዜ አርበኞች ተርበው፣ ታርዘው፣ ያለ ደመወዝ ለምን ጸኑ? አባታቸው አርበኛ የነበሩትን ሐጂ ሰይዶን ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠየቅኳቸው። የነገሩኝ ስለ ቆጮ ነው። ጉድጓዱ የት እንደሚቆፈር፣ ጣሊያን እንዳያገኘው በምን እንደሚሸፈን...
"ሐጂ፣ አባትዎ ግን ለምን አልሸሹም?"
"አልሸሸም ማን አለሽ? ስንቴ መጥቷል! እንሰቱን ይተክላል፣ እናቴን ያያል፣ ይመለሳል።"
"ለምን ይመለሳሉ?"
"እሱ ሲመለስ አይደል ሌላው የሚወጣው። ተረኛ አለ።"
ተረኛ! ይኼን የትኛው ምዕራፍ ውስጥ ልክተተው? "ለአገር ፍቅር ብሎ ነው" ቢሉኝ ምናለበት?

ግንቦት 25
ወልቂጤ። አማካሪዬ አንብበው ሳቁ። "ይሄ ምክንያት አይባልም፣ ሌላ ሰው ጠይቂ።" እሺ... የዚያን ዘመን ሰው ከየት ላምጣ? ልውለደው?

ግንቦት 28
ለአረፋ ቡታጅራ ገባሁ። ሚኒባሱ ውስጥ እግሬ ሥር በግ ተኝቶ ነው የመጣሁት። የባሰው ቤት ነበር። ወታደሩ ወንድሜ ሙባሪክ ከድንበር በእረፍት ቀድሞኝ ደርሷል። ከሁለት ዓመት በኋላ! ከስቷል፣ ጠቁሯል፣ ግራ እግሩን ያነክሳል። ምንድነው ስለው "ጫማ ነው" አለኝ። ጫማ አጥንት ይሰብራል እንዴ?
የሕክምና ቦርድ ቢቀርብ በጤና ሊሰናበት ይችላል። እሱ ራሱ ነው ቦርዱ ፊት መቅረብ ያልፈለገው። እናቴ ወዲያው ወደ ጓዳ ጎተተችኝ።
"አንቺን ይሰማል። እንዳይመለስ አድርጊልኝ።"
ሥራው ለእኔ ተሰጠ ማለት ነው።

ሰኔ 1
በዓሉ አለቀ፣ ጭቅጭቁ ተጀመረ።
"የምትመለሰው ለደመወዙ ነው?" ሳቀብኝ። "አለቃህን ፈርተህ ነው?" "ኧረ ባክሽ።" "እሺ፣ አገር ነው?" "ፈቲ፣ ፈተና ላይ ነኝ እንዴ?"
አበሸቀኝ። እሱም እንደ ሐጂ ሰይዶ! የተጠየቀውን የሚመልስ ሰው የለም እዚህ አገር?
ምክንያቱን እናቴ ስታለቅስ ነው ያወጣው። ዘመድኩን፣ የጎረቤታችን የእትዬ ብርቄ ልጅ፣ ከእሱ ጋር አንድ ምሽግ ነው ያለው። እረፍት ለሁለቱ የሚሰጠው በተራ ነው። አንዱ ሳይመለስ ሌላው አይወጣም። ተስማምተው ሙባሪክ አረፋን ወሰደ፣ ዘመድኩን መስቀልን።
"እኔ ከቀረሁ ዘመድኩን አይመጣም። ወላሂ እትዬ ብርቄን በምን ዓይኔ ነው የማያቸው?"
ጮህኩበት። "ለአንድ ቀን ክትፎ እግርህን ልታጣ?" አልኩት። እንደዚያ ማለት አልነበረብኝም... ግን እግሩ ነው እኮ! እግሩ!

ሰኔ 4
ሄደ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች፣ አልሸኘችውም። መናኸሪያ ድረስ በባጃጅ ወሰድኩት። እስኪሳፈር ድረስ ተጨቃጨቅን። ሳልስመው ተሳፈረ።

ሐምሌ 19
የሙባሪክ ድምፅ ከጠፋ ሦስተኛ ሳምንት። ስልኩ አይሠራም። "ጽናት" የሚለውን ቃል ማየት አስጠልቶኛል። ጽሑፉን አልነካሁትም።

መስከረም 15
ዘመድኩን መጣ። ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ብርቄ ቤት ነው። እናቴ ቅቤ ይዛ ሄደች፣ እሱን አቅፋ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችውም።
ሙባሪክ በሕይወት አለ። አልሐምዱሊላህ። እግሩ ግን ብሷል፣ አመርቅዟል። አሁንማ ራሱ ሐኪም ቤት ልውረድ ብሏል፣ ወረቀቱም ተፈርሟል። ታዲያ ምን ይጠብቃል?
"እኔን" አለ ዘመድኩን። "ምሽጉ ባዶ አይተውም። እኔ ስደርስ እሱ ይወርዳል።"

መስከረም 20
ዘመድኩን ነገ መሄድ አለበት። እትዬ ብርቄ ግን ዘመድ ሰብስበው ይዘውታል። ልጄ አይመለስም ብለዋል። ልጁም መወላወል ጀምሯል አሉ... መብታቸው ነው። እናት ናቸው። እኛም ያንኑ አይደል ያደረግነው?
እናቴ ከጠዋት ጀምሮ ምግብ አልቀመሰችም። በመጨረሻ "ሂጂና አናግሪው" አለችኝ። "ምን ብዬ?" ሻሼን አቀበለችኝ።
ሄድኩ። እትዬ ብርቄ በር ላይ እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙ። "እንኳን መጣሽ። እኔን እንቢ ብሎኛል፣ አንቺ ምከሪልኝ የኔ ልጅ።" እጄን እንደያዙ አስገቡኝ። ዘመድኩን አልጋው ላይ ተቀምጧል። ሻንጣው ግማሽ ድረስ ሞልቷል።
"ፈቲ፣ አንቺ ምን ትያለሽ? ልቅር?"
"አውቶቡሱ በስንት ሰዓት ነው?" አልኩት።
እትዬ ብርቄ እጄን ለቀቁኝ።