ለአግደው፣ ስለ ከንፈራችን ደቃቅ ፍሬዎች

በመጀመሪያ ለጎንደር ሕዝብ በሙሉ አስታውቃለሁ፤ የአያትህ የላይኛው ከንፈር በዚህ ሳምንት በሐኪም ታይቶ ጤነኛ መሆኑ ተረጋግጧል። ደስታችሁን በየቤታችሁ ግለጹ።

የምወድህ የልጅ ልጄ አግደው፣ እንደምን ሰነበትክ? ክረምቱስ እንዴት ወጣላችሁ? ጉልበትህ፣ ሆድህ ደህና ነው? ለከንፈርህ ለብቻው ሰላምታ ይድረሰው። እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ።

በስልክ የነገርከኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ከንፈርህ ጠርዝ ላይና እዚያ በማይነገርበት ቦታ እንደ ጤፍ የደቀቁ ነጫጭ ፍሬዎች አይተህ፣ ሠርጉን አቁመህ ከእጮኛህ ከይርጋለም ተደብቀሃል። ምች ነው ብለህም በነጭ ሽንኩርት ስታሽ ከርመሃል። እኛ ዘንድ ከንፈር ላይ የወጣ ሁሉ ምች ነዋ። እኔም ከላይም ከታችም እንዳንተው አለብኝ፤ ጎረቤቴ ሙሉእመቤት በረንዳዋ ላይ የተከለችውን ዳማከሴ እየጨመቅሁ ተቀባሁ። ጎረቤት ከመሸሹ በቀር ያተረፍኩት የለም።

ስለዚህ ክሊኒክ ሄድሁ። ዕብራይስጤ ዳቦ ከመግዛት ስለማያልፍ የአጎትህ ልጅ ኔታ አስተረጎመችልኝ። ወሬው ወደ ታች ሲወርድ ይህንንስ አልናገርም ብላ አመጸች፤ በኋላ ግድግዳውን እያየች ተናገረችው። ሐኪሟ ያለችው ይህ ነው። እንዲህ ያሉ ደቃቅ ፍሬዎች ብዙውን ጊዜ የቆዳ ቅባት ዕጢዎች ናቸው፤ በሽታም አይደሉም፣ ወደ ሰውም አይተላለፉም፤ ማሸት ግን ያቆስላል። ውኃ ቋጥሮ የሚያቃጥለው ምች ሌላ ነው፤ እሱ በመሳሳም ይተላለፋል፣ ወደ ታችም ይደርሳል። በምላጭ የተላጨ ሰውም ፀጉሩ ወደ ውስጥ አድጎ ያብጥበታል። ባያምም እንኳ የቆሰለ፣ ወይም እንደ ኪንታሮት እየበዛ የሚሄድ ከሆነ ግን ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት፤ መድኃኒት አለው።

አየህ፣ ይርጋለም ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ ትብሰለሰላለች። አንተም ዝም ብለህ ልጅቱን ልታጣት ነው።

እዚህ አውቶቡስ ስሳፈር ጎኔ ያለውን ወንበር በባርኔጣዬ እይዛለሁ። ሰው አለው ወይ ሲሉኝ የልጅ ልጄ እየመጣ ነው እላለሁ። ከከተማችን ዳር በሚሠራው አዲሱ ሰፈር በካርሜ ጋት አዲስ ፎቅ በወጣ ቁጥር የትኛው መስኮት ያንተ ቢሆን እንደሚሻል እመርጣለሁ። ስምህ ከተጓዦች ዝርዝር ተጠርቶ ወደ እስራኤል ስትመጣ ሁለት ሆናችሁ እንድትመጡ እፈልጋለሁ፤ ሁለተኛ ባርኔጣ ያስፈልገኛል ማለት ነው።

እናትህን ዘሪቱን፣ ከንፈርህ ውኃ ካልቋጠረ፣ ጉንጯን ሳምልኝ። አባትህን ስመኘውን እጅ ንሣልኝ፤ አሁንም ሲያንኮራፋ ጎረቤት ይቀሰቅሳል? ለታናሽ እህትህ ለኦሪት ናፍቆቴን ንገራት። ለይርጋለም ግን ሰላምታዬን ሰው አትላክባት፤ ራስህ ሂድ።

አንድ ነገር ፈጥሬ ጽፌልሃለሁ። የከንፈሬ እውነት ነው፤ ከታች ግን ምንም የለብኝም። ብቻህን እንዳታፍር ብዬ ነው። ሐኪሟ እንዳሳያት ስትጠይቀኝ ቀበቶዬን ይዤ እምቢ አልኳት፤ እሷም ሳታይ እንደማትፈርድ ነገረችኝ። ስለዚህ እዚያው ሐኪም ዘንድ ሂድ። አንተን ሆኜ ማፈር ችያለሁ፤ አንተን ሆኜ መታየት ግን አልችልም።

አያትህ ጌታዬ
ቂርያት ጋት፣ ጥቅምት 14 ቀን 2007 ዓ.ም.