መሪውን ማን አዞረው?

መካነ ሰላም፣ ጥር 1963 ዓ.ም.

ውድ ይማም፣

አሰላሙ አለይኩም። ድሮ አንቱ ነበር የምልህ፤ የታላቅ እህቴ ባል ነበርክና። ዓሊማን ከቀበርን ወዲህ ግን አንቱታው ከአፌ አልወጣ ብሏል። ብትቀየም ግድ የለኝም።

ወንድምህ ጀብሪል ሐሙስ ረፋድ ላይ ዓሊማ በሞተችበት በዚያው መኪና መጣ። አረንጓዴ ቀለም አስቀብተኸዋል። ገበያተኛው ከቦ ሲያደንቀው እኔ ከሩቅ አይቼው ፊቴን አዞርኩ። ጀብሪል የአባባን ጉልበት ስሞ ተቀመጠና መልእክትህን አደረሰ። ልጅህ ኑርጃን ለአረፋ ደሴ እንድትመጣልህ፣ በመኪናው እንድትሳፈር፣ መኪናውም ምንም እንደማይሰጋበት እንዲነግረን ልከኸዋል። ለምን እንደማይሰጋበትም አስጠንተኸዋል። ምስኪኑ ጀብሪል እንደ ቁርኣን ቤት ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ በቃሉ አነበነበው።

መጀመሪያ ያለው፣ «የአቀስታን ቁልቁለት ስንት ዓመት ሲወርድ ኖሮ የወደቀው አንዴ ብቻ ነው» ነው። ይቺን ቃል አውቃታለሁ። አምና የሱፍ ባና ልገዛ አቀስታ ሄጄ ስመለስ አብሬያችሁ ነበርኩ። መኪናው በቆመ ቁጥር ተሳፋሪው ወርዶ ከጎማው ስር ድንጋይ እንዲያደርግ ትጮህ ነበር። ዓሊማ፣ «ይማም፣ ኧረ ይሄን ፍሬን ለሚያውቅ ሰው አሳየው» ስትልህ ሳቅክባት።

«እስከ ዛሬ ወድቀን እናውቃለን?»

ያኔ መልስ የሌለው ጥያቄ መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳስበው ግን መልሱ ቀላል ነው። እስከዚያ ድረስ የወረድከው ቀለል ያለ ጭነት ይዘህ፣ እየተንፏቀቅክ ነው። ኅዳር ላይ ግን ገብስ እስከ አፉ ጠቀጠቅክና ሰው ከላይ ደረደርክበት። ባዶውን መውረዱ ተጭኖ ለመውረዱ ምን ምስክር ይሆናል? ሰነፍ ሰው እንኳ አህያውን ሲጭን ይሄን ያስባል።

ሁለተኛው ደግሞ ብረቱ ነው። «ድፍን ብረት ነው፤ ከተራራ ጋር ተላትሞ እንኳ ከበሩ በቀር ምኑም አልተጎዳ» ብለሃል። እውነትህን ነው፤ ብረቱ ምንም አልሆነም። የእህቴን ገላ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ምን እንደሆነች እኔን ጠይቀኝ። እኛ ገና ለቅሶ ላይ ተቀምጠን ሳለ አንተ ደሴ ወርደህ በሩን ታስቀጠቅጥ ነበር፤ የቱ እንዳሳዘነህ ያኔ ገብቶኛል።

ይሄን ሁሉ ተቀምጬ ሰማሁ። ሦስተኛው ግን አስነሳኝ። ጀብሪል እንዲህ አለ፦

«ደግሞ መኪናው የተባረከ ነው ይላል። ፍሬኑ እምቢ ሲል እንኳ በራሱ ገደሉን ሸሽቶ ወደ ተራራው ዞረ። ሌላ መኪና ቢሆን ሰውን ሁሉ ይዞ ይገባ ነበር።»

አባባ መቁጠሪያውን አቆመ። እኔም፣ «ጀብሪል፣ መኪናው በራሱ ዞረ ያለህ ማነው?» አልኩት።

«ይማም ነዋ! መሪው ላይ የነበረው እሱ አይደል?»

ከጎረቤት አድማሴን አስጠራሁት። አድማሴ ያን ቀን ከገብሱ በላይ ተሳፍሮ የነበረ የአቀስታ ገበሬ ነው። እጁ ተሰብሮ እዚሁ ወጌሻ ዘንድ ሲታሽ ሰንብቷል፤ አንተ ግን እንዴት ዋልክ ብለኸው አታውቅም። ክርስቲያን ነው፤ ለእህቴ ግን ከዘመድ እኩል አልቅሷል። ለቅሶ ላይ ለእኛ የነገረንን ለጀብሪል ደገመለት።

«ወንድምህ በሩን ከፍቶ ዘለለ፤ በዓይኔ አይቻለሁ። መኪናው ወደ ገደሉ አዘነበለ። አለቀልን ብዬ ሳማትብ ከጎኑ የነበረችው ሴትዮ ተስባ መሪውን ስትይዝ በጋቢናው የኋላ መስኮት አየኋት። ወደ ተራራው ጠመዘዘችው። የተላተመው በእሷ በኩል ነው። እኛ ከላይ የነበርነው በሙሉ ተርፈናል።»

ጀብሪል ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «ዘለለ?» አለ። «መኪናው ሲላተም ወርውሮ አወጣኝ ነበር ያለን።»

ይማም፣ መዝለልህን ለብቻው ቢሆን ይቅር እልህ ነበር። ነፍስ ትጣፍጣለች፤ የሚፈራ ሰው ይዘላል። የናቅኩህ ከዚያ በኋላ ባደረግከው ነው። ሚስትህ በመጨረሻ እስትንፋሷ የሠራችውን ሥራ ወስደህ ለብረት ሰጠኸው። እሷ የሞተችበትን ነገር የመኪናህ ማሻሻጫ አደረግከው። ደሴ ላይ ስንቱን ተሳፋሪ፣ ስንቷን እናት፣ «ገደል የሚሸሽ መኪና ነው» እያልክ እንዳሳፈርክበት አላህ ይወቀው። አንተ ደህና የወጣኸው ውስጡ ስላልነበርክ ነው እንጂ መኪናው ተባርኮ አይደለም!

«ፍሬኑስ ተሠራ?» ብዬ ጀብሪልን ጠየቅኩት። ከቀለሙ ሌላ የተነካ ነገር እንደሌለ፣ ቁልቁለቱንም ነፍሱን ይዞ እንደወረደ ነገረኝ። አባባ መቁጠሪያውን አስቀመጠ። «ልጄ ስትሞት ይማም ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው አለኝ፤ ተቀበልኩት» አለ። «አሁን ግን ሰው የተወውን ሥራ በአላህ ላይ እየለጠፈ ነው። የልጅ ልጄን አልሰጠውም።»

ጀብሪልም መኪናውን አልነዳም አለ። ገበያው ዳር አቁሞት ነገ ከነጋዴዎች ጋር በእግሩ ይነሳል። ይሄን ደብዳቤ የሚያደርስልህ እሱ ነው፤ እያነበብከው ዓይኑን ማየት ከቻልክ እየው።

ኑርጃን ደህና ናት፤ የፊት ጥርሷ ወልቋል። እናቷ ምን እንዳደረገች አድማሴ ራሱ ነግሯታል። የአንተን እኛ አልነገርናትም፤ እሱን አንተው ትነግራታለህ።

ልጅህን ማየት ከፈለግህ በበቅሎ ና፤ በር አንዘጋብህም። መኪናህንም ማንም አይነካብህም፤ ስትሻ ነድተኸው ሂድ። ከጎንህ ግን ማንንም አታስቀምጥ።

የዓሊማ እህት፣
ፈትሂያ አብዱልጀሊል