በርኖሴን የለበሰችው መርከብ

ለክቡር ኢንጂነር ቃለአብ
የመንገደኞች መርከብ ጥገና ኃላፊ
ሐይቁ ዳር፣ ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በእጅዎ ያለችው መርከብ፣ እንደምን ከርማችኋል? እኛ በመሐል ሜዳ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የእሷንም ጤና በየሳምንቱ በስልክ ስለምሰማ ብዙ አልሰጋም። ይመኙሻል እባላለሁ፤ ለሦስት ወር ብለው ወስደው እነሆ አሥረኛ ወሩን ያስያዙት የበያጁ የመኳንንት ሚስት ነኝ። በአደባባይ የጻፍኩልዎ በግል የላክኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች ከሥራ ብዛት የተነሣ ሳይነበቡ እንደቀሩ ስለገባኝ ነው፤ አይዘኑ፣ አልተቀየምኩም። አቤቱታዬ የሚከተለው ነው።

፩. ባለቤቴ በደወለ ቁጥር ስለ መርከቢቱ ሆድ ያወራኛል። ከውሃ በታች የሚውለው ብረቷ ዝጎ እንደነበር፣ ፍቆ ፍቆ እንዳጠራው፣ ሦስት እጅ ቀለም እንደቀባትና አሁን አዲስ እንደምትመስል በቃሌ ይዤዋለሁ። የእኔ ጉልበት ከሐምሌ ጀምሮ አላራምድ እንዳለኝ ግን እሱ አያውቅም፤ አልጠየቀኝማ። የጓዳችን ቆርቆሮም ስመጣ አየዋለሁ እንደተባለ ክረምቱን ሙሉ ሲያፈስ ከረመ። እሷ ዘንድ አንዲት ጠብታ እንዳትገባ እንዲህ የሚጠበብ ባለሙያ ስላደረጉልን በጣም እናመሰግናለን።

፪. ክረምቱን ሙሉ የጥቁር በግ ጠጉር ፈትዬ፣ አሠርቼ፣ በአውቶቡስ በርኖስ ላክሁለት። ልጃችን ጽናት በስልኳ የደረሳትን ፎቶ ብታሳየኝ፣ ጉድ በል፣ በርኖሴን የመርከቢቱ ሞተር ለብሶታል! ምነው ብዬ ባስጠይቀው፣ ግራሶ የተቀባውን ሞተር ውርጭ እንዳይመታው ብሎ እንደሆነ መለሰ። እኛ አገር በጥቅምት ለተወለደ ጥጃ በርኖስ ይደረብለታል፤ ሰውዬው የለመደውን ነው ያደረገው። ነገር ግን ክቡርነትዎ በዚያው ፎቶ ላይ በእጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ቆመው ላብዎን ሲጠርጉ ይታያሉ፤ ታዲያ የምን ውርጭ? በሃያ ሁለት የመንዝ ክረምት ለእኔ ተነሥቶ የደረበልኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ጽናትን የወለድኩ ሰሞን። እሱን ይዤ ነው እስከ ዛሬ የኖርኩት። እቀናለሁ፤ አዎ፣ በብረት እቀናለሁ፣ ሰው የፈለገውን ይሳቅ።

፫. ዋናው ነገር ይህ ነው። ከሃያ ሁለት ዓመት የሰማንያ ትዳር በኋላ እኔና መኳንንት በቁርባን ልንጸና ለንስሐ አባታችን ለመምሬ አፈወርቅ ቃል ገብተናል። ለመስከረም ተቀጥሮ መርከቢቱ ትንሽ ቀራት ተባለ፤ ለጥቅምት ተቀጥሮ አሁንም ትንሽ ቀራት፤ ለኅዳር ሚካኤልም እንዲሁ። መምሬ በመጨረሻ ለጥር ሃያ አንድ ቀጥረው፣ ይህ ካለፈ ሌላ ቀን እንደማይቆርጡልን ቁርጡን ነግረውኛል። አሁን ደግሞ መርከቢቱ በዚያችው ዕለት ወደ ውሃ እንደምትወርድ፣ ካህናት ጸበል እንደሚረጯትና ባለቤቴም ከጎኗ እንዲቆም በክቡርነትዎ እንደታዘዘ ሰማሁ። እሰይ፣ እልል ብያለሁ። እኔ ነጠላዬን አጥቤ ስጠብቅ እሷ ቀድማኝ ልትዳር ነው።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ፣ የአሥር ወር ሙሽራዎ አንድ ቀን ብቻ ታግሣ ጥር ሃያ ሁለት እንድትወርድ፣ ባለቤቴም ጥር አሥራ ዘጠኝ እንዲሳፈር እንዲፈቅዱልኝ ነው። እሷ ሌላ በያጅ አታጣም፤ እኔ ሌላ መኳንንት የለኝም።

ለመርከቢቱ ረጅም ዕድሜ፣ ለክቡርነትዎ ከዚህ የበለጠ ሹመት እየተመኘሁ፣ ጉልበቴ አላጎነብስ ስላለኝ ቆሜ እጅ የምነሣ፣

ይመኙሻል
የመኳንንት የፊተኛዋ ሚስት
መሐል ሜዳ

ግልባጭ፦
ለመርከቢቱ

ሳልረሳው፦ ባለቤቴ በቀኑ ካልመጣ በርኖሴን ራሴ መጥቼ ከላይዋ አነሣዋለሁ። መዋኘት አልችልም፤ ነገር ግን ከበያጅ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት የኖረች ሴት ብየዳ የቱ ጋ እንደሚላቀቅ ጠንቅቃ ታውቃለች።