ስለ "ግንቡ" የሰጠሁት ፍርድ

እሑድ፣ ሰኔ 1 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ሜልተን፣ ሜልበርን

ከቸርች መልስ ዮናስ ቤት ምሳ በላንና ወሬው እንደ ልማዱ ዞሮ ዞሮ ኳስ ላይ ወደቀ። ጋሼ በቀለ፣ ድሮ "ግንቡ" እንለው የነበረውን ተከላካይ አነሡ። "እንደሱ ያለ ተከላካይ ድጋሚ አልተፈጠረም" አሉ።

ዮናስ ሳቀ። "ጋሼ ደግሞ ያጋንናሉ! ሰው ከመጥለፍ ሌላ ምን ያውቅ ነበር?"

ክርክሩ ሲከር ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። "እስቲ አንተ ፍረድ፤ ገጥመኸው የለ?"

ገጥሜዋለሁ፣ አንድ ቀን። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ለብሔራዊ ቡድን ከተጠራሁ ሳምንቴ። ኳሷን ከለቀቅኳት በኋላ ነው መጥቶ ጉልበቴ ላይ የወደቀው። ይቅርታ እንኳን ሳይለኝ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ታኬታ አላደረግኩም። ይሄ የሜልበርን ብርድ በገባ ቁጥር ዛሬም ያስነክሰኛል።

"ትልቅ ተጫዋች ነበር" አልኩ።

ጋሼ አጨበጨቡ። ዮናስ "አንተም?" ብሎ አፈጠጠብኝ።

ታዲያ ምን ልበል? ተራ ጠላፊ ነበር ካልኩ፣ እኔን ከሜዳ ያስቀረኝ አንድ ተራ ሰው ነው ማለት ነው። ይህን መቀበል ደግሞ አልችልም። ያንን ጨካኝ ዕድሜ ልኬን ሳሞግስ ልኖር ነው።