ስለተቃጠለው ቀፎና ስለማይቋጥረው ዱባዬ

ለክቡር ሙሴ ኒዛር፣ የሰፈራችን የጽዳት ኃላፊ

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንዴት ከርሟል? ንቦቹ የነደፉት ዓይንዎ እብጠቱ ጎድሎ የሚረግጡትን ለማየት እንዲበቁ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ከቀኝ እጄ ቃጠሎ በስተቀር ደህና ነኝ፤ ይህንንም በግራ እጄ ስለምጽፍ ለፊደሌ መጣመም ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

እንደሚያውቁት እኔና ሁለት ልጆቼ የምንኖረው ከቤቴ ጀርባ በተከልኩት ዱባ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አበባው እየረገፈ ባዶዬን ስቀር፣ የከባድ መኪና ሾፌሩ ቡልቻ አምና ከአገር ቤት አንድ ቀፎ ንብ፣ አፉን በነጠላ አስሮ፣ ከጭነቱ ላይ ጭኖ ድንበር አሻግሮ አመጣልኝ። ንቦቹ የወንዴውን አበባ ዱቄት ለሴቴው ማድረስ በጀመሩ በወሩ ማሳዬ ዱባ በዱባ ሆነ።

አንደኛ፦ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ቀፎውን እንዲተዉልኝ እግርዎ ላይ ወድቄ ስለምንዎ፣ «ቀፎ ሰፈር ያቆሽሻል፤ አበባ በራሱ ያፈራል፤ አቃጥሉት» ብለው አዘዙ። እንዲህ ያለ እውቀት በሰፈራችን መኖሩን አላውቅም ነበር።

ሁለተኛ፦ ሰዎችዎ ቤንዚን አርከፍክፈው የለኮሱትን ቀፎ በዱላ እንዲቀጠቅጡት ማዘዝዎን አደንቃለሁ። የሚነድ ቀፎ ሲመታ ከእሳት የተረፈው ንብ ምን እንደሚያደርግ በእኛ አገር ሕፃን ያውቀዋል፤ እርስዎ ግን ለመንገደኛው ሁሉ በተግባር አሳዩ። የጎረቤቴ የሱሪያ ሁለት ፍየሎች እየተንፈራገጡ እዚያው ሞቱ። ቀፎውን ከእሳቱ ላወጣ እጄን ስሰድ አንገቴን በጫማው ረግጦ የያዘኝን ሰውዎንም ስለ ትጋቱ ያመስግኑልኝ።

ሦስተኛ፦ ከዚያ ወዲህ ጎህ ሲቀድ እየተነሳሁ የወንዴውን አበባ ቀጥፌ በሴቴው ላይ አሻለሁ። ጥቂቱን ሳልጨርስ ፀሐይ ይከርና አበባው ይጨማደዳል። ያሸሁትም ቢሆን ብዙው ገና አውራ ጣት ሳያህል በስብሶ ይወድቃል። በሚመጣው ወር ልጆቼን ምን እንደማበላ አላውቅም። ደብዳቤ መጻፍ ባልችል ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር ባያውቁ ይሻላል።

ሰፈራችንን ከማርና ከዱባ ላጸዱልን እጆችዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ ሙሚና
ከካርቲየ 7 ቢስ ሰፈር

የተረሳ ነገር፦ ባለቤትዎ ወይዘሮ ሂንድ፣ አምና ለጎረቤት የተረፈው የግቢያችሁ ሐብሐብ ዘንድሮ አንድም ፍሬ ያልያዘው ለምን እንደሆነ ትናንት ቤቴ ድረስ መጥተው ጠየቁኝ። እንዲህ ያለውን ነገር ከባላቸው ቢሰሙት ይሻላል ብዬ ወደ እርስዎ መለስኳቸው። ሲነግሯቸው በሩ አጠገብ ቆመው ይሁን።